ሕፃናትን ከጥቃት መጠበቅ፡- የሀገር ሕግና ፖሊሲ፣ የቤተ ክርስቲያንም ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በንጉሥ ዳዊት ቤት በትዕማር ላይ የደረሰውን በደል መጽሐፍ ቅዱስ ሳይሸፋፍን ጽፎልናል (2ኛ ሳሙ. 13)። ወንድሟ አምኖን የታመመ መስሎ ተኛ፤ መጥታ መብል እንድታዘጋጅለት አባቱን ለምኖ አስጠራት፤ ብቻዋን ባገኛት ጊዜም በግድ አስነወራት። እርሷ ዝም አላለችም፤ በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ፣ እየጮኸች ወጣች። የሰማት አቤሴሎም ግን በዳዩ ወንድሟ መሆኑን አስታውሶ ዝም እንድትል መከራት። ንጉሡ አባቷም በሰማ ጊዜ እጅግ ተቈጣ፤ ከቍጣው ያለፈ ፍርድ እንዳደረገ ግን አልተጻፈም። ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው፤ ቤቱም በደም ተከፋፈለ። ትዕማር በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ቀረች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አራት ነገሮችን እናስተውላለን። በዳዩ እንግዳ ሳይሆን የቤት ሰው ነበር። ወደ በደሉ የደረሰውም በመታመን መንገድ ነው። የተበደለችው ተናግራለች። የሰሟት ግን ከእርሷ ይልቅ ለቤቱ ክብር ተጨነቁ። በዘመናችን ሕፃናትን ከጥቃት ለመጠበቅ የሚወጡ ሕጎችና ፖሊሲዎች የሚታገሉትም ከእነዚሁ አራት ነገሮች ጋር ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥቃት ምን እንደ ሆነ፣ የሀገራችን ሕግና ፖሊሲ ምን እንደሚል፣ ጥቃት ሲደርስ ምን ሊደረግ እንደሚገባ፣ የካህናትና የምእመናን ድርሻም ምን እንደ ሆነ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የሕፃናት ጥቃት ምንድን ነው?

በልማድ ሕፃን የምንለው ገና ነፍስ ያላወቀውን ትንሽ ልጅ ነው። በሕግ ቋንቋ ግን ሕፃን የሚባለው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ ነው። ስለዚህ የ16 ዓመት የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምርት ወይም የ14 ዓመት የአብነት ተማሪ ሕጉ ሕፃናትን በሚጠብቅበት ጥበቃ ሥር ናቸው።

ጥቃት በልዩ ልዩ መልክ ይፈጸማል። አካላዊ ጥቃት ድብደባን፣ ማቃጠልን፣ ማሰርንና ማስራብን ይጨምራል። ሥነ ልቡናዊ ጥቃት ዘወትር ማዋረድ፣ ማስፈራራትና ማግለል ነው። ወሲባዊ ጥቃት ደግሞ በግድ ብቻ ሳይሆን በማባበል፣ በስጦታና በማስፈራራትም ይፈጸማል፤ በሴቶች ልጆች ላይ እንደሚፈጸም ሁሉ በወንዶችም ላይ ይፈጸማል። ቸልተኝነት ለልጁ የሚገባውን ምግብ፣ ሕክምና፣ ትምህርትና ጥበቃ መንፈግ ነው። ከእነዚህ ጋር የጉልበት ብዝበዛ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የሴት ልጅ ግርዛትና የሕፃናት ዝውውር ይቈጠራሉ።

በደለኛው ብዙ ጊዜ ልጁ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ፣ አሠሪ ወይም መንፈሳዊ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህን ማወቅ ሁሉን መጠርጠር ማለት አይደለም። ነገር ግን «የእኛ ሰው አያደርገውም» የሚለው መተማመን ብቻውን ጥበቃ እንዳልሆነ መረዳት ያሻል።

የሀገራችን ሕግና ፖሊሲ ምን ይላል?

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ1982 ዓ.ም. ጸደቀ፤ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. ተቀበለችው። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 19 አባል ሀገሮች ሕፃናትን በወላጅም ሆነ በሌላ አሳዳጊ እጅ ከሚደርስ ማንኛውም ጥቃት እንዲጠብቁ ያዝዛል። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርንም ሀገራችን በ1995 ዓ.ም. አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ለሕፃናት ብቻ የተሰጠ ነው። ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ፣ በትምህርት ቤቶችና ሕፃናትን በሚያሳድጉ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ሕፃናትን የሚመለከት ማንኛውም ርምጃ ሲወሰድም የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ሳይሆን የግል የበጎ አድራጎት ተቋማትንም የሚመለከት ነው።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ዝርዝሩን ይዟል። አንቀጽ 576 ሕፃናትን ማንገላታትን ይቀጣል። ከ13 ዓመት በታች በሆነች ልጅ ላይ የሚፈጸም ግብረ ሥጋ ግንኙነት በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ ሲፈጸም በአንቀጽ 626 ቅጣቱ ከ3 እስከ 15 ዓመት ነው። በወንዶች ልጆች ላይ የሚፈጸመውንም አንቀጽ 631 ይቀጣል። ሕጉ በተለይ ሊስተዋል የሚገባው አንድ ነገር አለው፤ ተበዳይዋ የበዳዩ ተማሪ፣ የቤት ሠራተኛ ወይም በአደራ የተሰጠችው ልጅ ከሆነች በአንቀጽ 626 የተጻፈው ቅጣት ከ5 እስከ 20 ዓመት ይከብዳል። አደራን መብላት በሕግም ፊት በደሉን የሚያከብድ እንጂ የሚያቀልል አይደለም።

ስለ ጋብቻ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለወንድም ለሴትም ዝቅተኛውን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። ከዚያ በፊት በነበረው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበር። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያስቀጣል።

ከሕጎቹ በላይ በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ የሕፃናት ፖሊሲ ጥቃትን አስቀድሞ መከላከልን፣ ለተጎዱት ምላሽ መስጠትንና መልሶ ማቋቋምን የመንግሥት፣ የቤተሰብና የማኅበረሰብ የጋራ ሥራ አድርጎ አስቀምጧል። አፈጻጸሙን የሚመራው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው፤ በየክልሉና በየወረዳውም ተመሳሳይ ጽሕፈት ቤቶች አሉ።

ይህ ሁሉ ሲታይ ሀገራችን የሕግ ድኻ አይደለችም። ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 የማሳወቅ ግዴታን የሚጥለው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ ስለሆነ፣ አብዛኛው የሕፃናት ጥቃት ከዚህ ግዴታ ውጭ ይቀራል። እንግዲህ ነገሩን መጀመሪያ የሰማው ሰው መናገሩም ዝም ማለቱም ለኅሊናው የተተወ ነው። ያ የመጀመሪያ ሰሚ ደግሞ ብዙ ጊዜ የንስሐ አባት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፣ የክርስትና እናት ወይም የሰፈር ሽማግሌ ነው። የሀገሪቱ ሕግ በተግባር የሚጀምረውም የሚቆመውም በእኛ ደጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

መከላከል፡- ዕድሜን ከመመዝገብ እስከ ጋብቻ

መከላከል ከትንሽ ነገር ይጀምራል። ልጁ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ሰነድ ከሌለ ያለ ዕድሜ ጋብቻንም ሆነ የጉልበት ብዝበዛን በሕግ መከላከል ይከብዳል። በ2008 ዓ.ም. (በ2016 እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። በዚያው ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶ ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በዚያው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ ዕድሜን የምታውቅ ቀዳሚ ምስክር ናት። የጥምቀት መዝገብ በትክክል ከተጻፈና ከተጠበቀ፣ ከዓመታት በኋላ አንዲትን ልጅ ካለ ዕድሜዋ ከመዳር ሊያድናት ይችላል። በሌላ በኩል ዕድሜን ጨምሮ የሚጻፍ የክርስትና ምስክር ወረቀት የሐሰት ምስክርነት ነው፤ በዚያ ወረቀት የተዳረች ልጅ መከራም በጻፈው እጅ ላይ አለ።

ስለ አገልጋዮች ጋብቻም በግልጽ ልንነጋገር ይገባል። ወደ ክህነት የሚቀርብ ዲያቆን ድንግል እንዲያገባ ሥርዓቱ ያዝዛል። በአንዳንድ የገጠር አካባቢዎች ይህን ምክንያት በማድረግ ገና ልጅ የሆነችን ለዲያቆን ማጨትና መዳር ይታያል። ሥርዓቱ የጠየቀው ግን ንጽሕናን እንጂ ሕፃንነትን አይደለም። ድንግልናን ጠብቃ 18 ዓመት የሞላትን ማግባት ሥርዓቱንም ሕጉንም ይፈጽማል። ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ማግባት ግን ሕጉን ያፈርሳል፤ ለካህን ቤት የሚገባውንም መልካም ምሳሌነት ያሳጣል።

የወላጆች ተግሣጽም በዚሁ ሥር ይታያል። ቅዱስ ጳውሎስ ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ባዘዘበት ስፍራ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ያስጠነቅቃል (ኤፌ. 6፥1-4)፤ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍም ልባቸው እንዳይዝል ያሳስባል (ቈላ. 3፥21)። የወንጀል ሕጉ ልክን ያላለፈ የወላጅ ተግሣጽን እንደ ወንጀል አይቈጥርም። ነገር ግን የሚያቈስል፣ የሚሰብርና የሚያሸማቅቅ ድብደባ ተግሣጽ ሊባል አይችልም።

ጥቃት ሲደርስ ምን ይደረጋል?

አንድ ልጅ ደርሶብኛል ብሎ ሲናገር የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ነገር ይወስናሉ።

በመጀመሪያ፣ በእርጋታ መስማትና ማመን ያስፈልጋል። ጥፋቱ የልጁ አለመሆኑን መንገር፣ ስለ ተናገረም ማመስገን ይገባል። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት ግን አይገባም፤ ልጁን ለማዳን ለሚረዱት መንገር ግድ ነውና። እየደጋገሙ መመርመርና መልሱን በአፉ ማጉረስም ልጁን ይጎዳል፤ ማስረጃውንም ያበላሻል። የተናገረውን በራሱ ቃል ከነቀኑ መጻፍ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ቶሎ በተጀመረ መጠንም ይበልጥ ይረዳል። ምርመራው እስኪደረግ ልጁን አለማጠብ፣ የለበሰውንም ልብስ ሳያጥቡ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መሄድ ማስረጃን ያቆያል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጀመረው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናን፣ የሥነ ልቡና ምክርን፣ የፖሊስንና የዐቃቤ ሕግን ሥራ በአንድ ስፍራ አገናኝቷል። ዓላማውም የተጎዳው ልጅ በየቢሮው እየተንከራተተ ቍስሉን ደጋግሞ እንዳያወራ ነው።

ሦስተኛ፣ በአቅራቢያ ላለው ፖሊስ ማመልከት ነው። በብዙ ጣቢያዎች የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተሉ መርማሪዎች አሉ። በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያሉ ባለሙያዎችም ልጁ ቤቱ ሊቈይ የማይችል ከሆነ መጠለያ በመፈለግ ይረዳሉ።

አራተኛ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ልጁ ከበዳዩ ጋር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ የተዘጋጁ ለሕፃናት ምቹ ችሎቶች አሉ። በእነዚህ ችሎቶች ልጁ በሌላ ክፍል ከማኅበራዊ ባለሙያ ጋር ሆኖ ይናገራል፤ ዳኞችም በቪዲዮ ይከታተሉታል። ወላጆች ልጃቸውን በአደባባይ ማቆምን ፈርተው ከክስ እንዳይሸሹ ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

ሽምግልና፣ ንስሐና ፍርድ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በሽምግልና ነው። የበዳይ ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል፤ ካህን ከፊት ይቀድማል፤ ካሳ ይከፈላል፤ አንዳንዴም ልጅቱ ለደፈራት ትዳራለች። ቤተ ክርስቲያን የዕርቅ ቤት እንደ መሆኗ ይህ ለብዙዎች መንፈሳዊ ሥራ መስሎ ይታያል።

ዕርቅ ግን የተጣሉ ሰዎችን የሚያስማማ ነው። ሕፃኑ ከማንም አልተጣላም፤ ተበደለ እንጂ። ወላጆቹ ካሳ ተቀብለው ቢታረቁም የተካፈሉት የእርሱን መከራ ነው። በዳዩም ነገ ወደ ሌላ ልጅ እንዳይሄድ የሚከለክለው የለም። ሕጉም ይህን ተገንዝቧል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ቢያገባ ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበረ። አሁን ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ይህን በር ዘግቶታል፤ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም።

ስለ ንስሐ የሚነሣው ጥያቄም እዚህ ላይ ነው። ካህን የንስሐን ምሥጢር መጠበቅ ግዴታው ነው፤ ይህን የሚያቃልል ትምህርት የለንም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ደረሰብኝ ብሎ የሚናገር ልጅ ኃጢአቱን እየተናዘዘ አይደለም፤ የርዳታ ጩኸት እያሰማ ነው። ካህኑ ይህን ጩኸት እንደ ኑዛዜ ቈጥሮ ቢቀብረው ምሥጢር ጠበቀ አይባልም። በደለኛው ራሱ ለንስሐ ሲመጣ ደግሞ ጸሎትና ስግደት ብቻ አዝዞ መስደድ ፈውሱን አያሟላም። ዘኬዎስ ጌታችንን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ (ሉቃ. 19፥8)። ንስሐው እውነተኛ የሆነ ሰው ከልጆች ይርቃል፤ ራሱን ለሕግ ይሰጣል፤ የተበደለውም እንዲታከም የሚችለውን ያደርጋል። የንስሐ አባቱም ወደዚህ ሊመራው ይገባል። ባለ ሥልጣን ክፉ አድራጊን ለመቅጣት የተሾመ የእግዚአብሔር አገልጋይ መሆኑን ሐዋርያው አስተምሮናልና (ሮሜ. 13፥1-4)፣ ለዳኛ ማሳወቅ ወንድምን አሳልፎ መስጠት አይደለም።

በሐሰት የሚከሰስ ሰው ሊኖር እንደሚችልም አንዘነጋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ማጣራት የፖሊስ፣ መፍረድ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። የሰበካ ጉባኤ ሥራ ግን ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የተጠረጠረውን አገልጋይ ሕፃናት ካሉበት አገልግሎት ማራቅ ነው። ወደ ሌላ አጥቢያ በዝምታ ማዛወር ግን ችግሩን ወደማያውቁት ልጆች መላክ ነው።

በአጥቢያችን ምን እናድርግ?

ሀ. በሰንበት ትምህርት ቤት አንድ አስተማሪ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን እንዳይሆን ሥርዓት ማውጣት። አዲስ አስተማሪ ሲመደብም ቀድሞ ያገለገለበትን አጥቢያ መጠየቅ።

ለ. በአብነት ትምህርት ቤት ላሉ ልጆች ልዩ ጥንቃቄ ማድረግ። ከቤተሰቡ ርቆ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚማር ልጅ ከሁሉ ይልቅ ተጋላጭ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር ማወቅ፣ ትናንሾቹን ከታላላቆቹ ለይቶ ማሳደር፣ ወላጆቹን በየጊዜው ማገናኘት ያሻል። በአለንጋ መግረፍ ትምህርቱን አላጸናውም፤ ያጸናው የመምህራኑ ትጋትና የተማሪዎቹ ጽናት ነው። ሕገ መንግሥቱ በትምህርት ቤቶች የከለከለውን የአካል ቅጣት እኛም ከጉባኤያችን ልናርቀው ይገባል።

ሐ. በጸበል ስፍራ የሚቈዩ ሕፃናት ከወላጅ ወይም ከታመነ አሳዳጊ እንዳይለዩ ማድረግ።

መ. ልጆችና ወላጆች የሚያናግሯቸውን አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሰበካ ጉባኤው መመደብ። እነርሱም የአካባቢውን ሆስፒታል፣ ፖሊስና የወረዳ ጽሕፈት ቤት አድራሻ ይዘው ይቈዩ።

ሠ. ነገሩን በስብከት ማንሣት። ልጆች አካላቸው የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ መሆኑን (1ኛ ቆሮ. 6፥19) ሲማሩ፣ ማንም ሊነካው የማይገባ መሆኑንና ቢደርስባቸው መናገር ኃጢአት አለመሆኑን አብረው ይማሩ።

በውጭ ሀገር ያሉ አጥቢያዎቻችን ደግሞ የሚኖሩበትን ሀገር ሕግ ማወቅ ግዴታቸው ነው። በአሜሪካ መምህራንና ሐኪሞች ጥቃትን የጠረጠሩ እንደ ሆነ ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፤ በብዙ ግዛቶች ይህ ግዴታ ካህናትንም ይጨምራል፤ ዝርዝሩ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። በእንግሊዝም ከልጆች ጋር ለሚሠሩ ሰዎች የቀድሞ የወንጀል መዝገብን ማጣራት የተለመደ ነው። «በሀገራችን እንዲህ አልነበረም» የሚለው መልስ በዚያ ሕግ ፊት አይጠቅምም፤ ልጆቻችንንም አያድናቸውም።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሕፃናትን ወደ እርሱ እንዳይመጡ የከለከሉትን ደቀ መዛሙርት ገሥጿል (ማር. 10፥13-14)። ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ በባሕር ቢሰጥም እንደሚሻለው አስተምሮናል (ማቴ. 18፥6)። ይህ ማስጠንቀቂያ ለበዳዩ የተነገረ ቢሆንም አይቶ ዝም ያለውንም ሊያስደነግጠው ይገባል። ትዕማር አመድ ነስንሳ እየጮኸች በወጣችበት ቀን ከሰሟት አንዱ እንኳ ፍርድ ቢፈልግላት ኖሮ የዳዊት ቤት ታሪክ ሌላ መልክ በኖረው ነበር። ዛሬ በየቤታችን፣ በየትምህርት ቤታችንና በየደብራችን የሚጮኹትን ልጆች የምንሰማቸው እኛ ነን። ሰምተን እንድንቆምላቸው የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።